ባቻታ፤ ከመሸታ ቤት ወደ ዳንስ ትምህርት ቤት

በኒው ዮርክም ሆነ በማድሪድ፣ በሎንዶንም ሆነ በሮማ፣ የሥራ ሰዓት አልቆ የመንገዱ መብራት ሲበራ አንድ ልዩ ዓይነት ተማሪ ቤት በሩን ይከፍታል። ደብተር አይያዝበትም፤ ጥቁር ሰሌዳም የለውም። በሰሌዳው ፈንታ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ መስተዋት ግድግዳውን ሸፍኖታል። ተማሪዎቹም በባንክ ሒሳብ ሲደምሩ፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፉ፣ በዩኒቨርሲቲ ሲማሩ፣ በሆስፒታል በሽተኛ ሲያስታምሙ የዋሉ ወጣቶች ናቸው። የመንገድ ጫማቸውን አውልቀው በከረጢት ያመጡትን ቀላል ጫማ ያደርጋሉ፤ በመስተዋቱ ፊት ይሰለፋሉ፤ አስተማሪውም «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ መቁጠር ይጀምራል። ይህ የላቲን ዳንስ ትምህርት ቤት ነው።

ከሃያና ከሃያ አምስት ዓመት በፊት እንዲህ ወዳለው ቤት ገብቶ «ምን ታስተምራላችሁ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ሳልሳ የሚል ነበር። ባቻታ የሚባለው ዳንስ የሚሰማው ተማሪዎቹ በሳልሳ ሽክርክሪት ደክመው ላባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ያህል ነው። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ያው ትምህርት ቤት የባቻታ ጀማሪ፣ የባቻታ መካከለኛ፣ የባቻታ ከፍተኛ ክፍል እያለ የሳምንቱን ማታዎች ያከፋፍላል፤ በብዙ ቦታም የባቻታው ክፍል ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ የሳልሳው ክፍል ሳሳ ብሎ ይታያል።

ይህ ለውጥ እንዴት መጣ? ትምህርት ቤቱ ከባቻታ ምን አገኘ? ባቻታስ ከትምህርት ቤቱ ምን አገኘ፣ ምንስ አጣ? ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝናኛ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን የድሀ ሕዝብ ጥበብ ወደ ዓለም ገበያ ሲወጣ ባለቤቱ ምን ይደርስበታል የሚል ከባድ ጥያቄ በውስጡ ስላለበት፣ አንባቢዎቻችን ጥቂት ጊዜ ቢሰጡት አይጸጸቱበትም ብለን እናምናለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተናቀው ጊታር

ዶሚኒካን ሪፑብሊክ በካሪብ ባሕር ውስጥ ሂስፓኞላ በምትባለው ደሴት ላይ ከሃይቲ ጋራ ጐን ለጐን የምትገኝ አገር ናት። የደሴቲቱን ምሥራቃዊ ክፍል ይዛለች፤ ዋና ከተማዋም ሳንቶ ዶሚንጎ ነው። ከ1930 ጀምሮ ይህችን አገር 31 ዓመት ያህል በፍርሃት አንቀጥቅጦ የገዛት ራፋኤል ትሩሂዮ የተባለ ጄኔራል ነበር። ሰውዬው የዋናውን ከተማ ጥንታዊ ስም ሽሮ «የትሩሂዮ ከተማ» እስከ ማሰኘት ደርሶ ነበር። ዘፈንንም ለሕዝቡ አልተወለትም። መሬንጌ የሚባለውን የገጠር ጭፈራ መርጦ፣ በትልልቅ ኦርኬስትራ አስጊጦ፣ የአገር ዘፈን ማለት ይህ ነው አሰኘ፤ ትልቁ የራዲዮ ጣቢያም በወንድሙ እጅ ነበር። ገበሬው መሬቱን ትቶ ወደ ከተማ እንዳይጐርፍም ይከለከል ነበር።

ትሩሂዮ በሜይ 30 ቀን 1961 በመኪናው ሲሄድ በጥይት ተደብድቦ ሞተ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ስለ ተከፈተ የገጠሩ ድሀ ልጆቹንና ጓዙን ይዞ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ገባ፤ ጊታሩም አብሮት ገባ። በ1962፣ ማለት ጨካኙ ገዢ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሆሴ ማኑኤል ካልዴሮን የተባለ ወጣት ዘፋኝ በጊታር የታጀቡ የፍቅር ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጸ። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያው የባቻታ ሸክላ ብለው የሚጠሩት ይህንኑ ነው። ዜማው ከኩባ ቦሌሮ የተወለደ ሲሆን፣ የዶሚኒካን ገበሬ አዘፋፈንና አመታት ተጨምሮበት የራሱን መልክ ያዘ።

«ባቻታ» የሚለው ቃል ቀድሞ የዘፈን ስም አልነበረም። ጐረቤት በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ጊታር እየመታ፣ ያለውን እየተቃመሰ የሚያደርገው የድሆች ጨዋታ ባቻታ ይባል ነበር። የከተማው ባለጸጋ ይህን ቃል ወስዶ ለዘፈኑ መስደቢያ አደረገው፤ «ይህ የባቻታ ዘፈን ነው» ማለት «ይህ የባለጌ ዘፈን ነው» እንደ ማለት ሆነ። ሌላው ስሙ አማርጌ ነው፤ ትርጓሜውም መራራነት ማለት ነው። የዘፈኑ ጉዳይ በአብዛኛው የከዳች ፍቅረኛ፣ ባዶ ኪስ፣ ከትውልድ መንደር መራቅና በመጠጥ መርሳት ነው። ትዝታ ሲዘፈን ሰምቶ ልቡ የተነካ ሰው ይህን መራራነት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

የሚሰማው በመሸታ ቤትና በሰፈር ሱቅ ነበር። አድማጮቹ የቤት ሠራተኞች፣ ዘበኞች፣ ጫማ ጠራጊዎች፣ የቀን ሙያተኞች ነበሩ። ታላላቆቹ የራዲዮ ጣቢያዎች አያሰሙትም፤ ታላላቆቹ ሆቴሎችም አያስገቡትም። ለብዙ ዘመን ይህን ዘፈን ለመላው አገር ያደርስ የነበረ ጣቢያ ቢኖር ራዳሜስ አራሴና የተባለው ሰው ያቋቋመው ራዲዮ ጓራቺታ ነበር ማለት ይቻላል። እንግዲህ ዛሬ በመስተዋት ፊት ተሰልፎ በውድ ዋጋ የሚማረው ዳንስ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት የቤት ሠራተኛ እመቤቷ እንዳትሰማት ድምፁን ዝቅ አድርጋ ከምትሰማው ራዲዮ የመጣ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በሩን የከፈቱት

ከዚህ ንቀት ውስጥ የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። በ1987 ብላስ ዱራን የተባለው ዘፋኝ ተራውን ጊታር ትቶ የኤሌክትሪክ ጊታር አስገባበት። ድምፁ ብሩህና ፈጣን ስለ ሆነ ለጭፈራ ይበልጥ ተስማማ፤ ወጣቶችም ወደዱት። ከአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ የተነሡት ሉዊስ ቫርጋስና አንቶኒ ሳንቶስም በዚሁ መንገድ ገፉበት።

በ1990 መጨረሻ ደግሞ ሁዋን ሉዊስ ጌራ «ባቻታ ሮሳ» የተባለውን አልበሙን አወጣ። ጌራ በቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረ፣ በከተማው ጨዋ ቤተሰብ ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር። የተናቀውን ዜማ ወስዶ በተጣራ ግጥምና በለዘበ ድምፅ ስላቀረበው፣ ትናንት ባቻታ ሲሰማ ራዲዮውን ይዘጋ የነበረው ባለጸጋ ሸክላውን ገዝቶ በሳሎኑ አስቀመጠው። አልበሙም በ1992 በአሜሪካ የግራሚን ሽልማት አገኘ። ይሁን እንጂ ከጌራ በፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመሸታ ቤት የዘፈኑት ድሆች ዘፋኞች ክብሩ ሲመጣ በሩቁ ቆመው መመልከታቸውን የሚያነሡ ብዙዎች ናቸው፤ እውነትም አላቸው።

ሦስተኛው በር የተከፈተው ከአገር ውጭ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አያሌ የዶሚኒካን ሰዎች ወደ ኒው ዮርክ ተሰደው ነበር። በዚያው ከተማ በብሮንክስ ሰፈር ያደጉ ወጣቶች አቬንቱራ የተባለ ቡድን አቋቁመው፣ የወላጆቻቸውን ባቻታ ከአሜሪካ ጥቁሮች ዘፈን ጋራ አዋሕደው መጫወት ጀመሩ። በ2002 ያወጡት «ኦብሴሲዮን» የተባለው ዘፈን በኢጣልያና በፈረንሳይ አንደኛ እስከ መሆን ደረሰ። እስፓኝኛ የማይሰማ የአውሮፓ ወጣት ሁሉ አብሮ አዜመው። የዚህ ቡድን ዋና ዘፋኝ የነበረው ሮሜዮ ሳንቶስ በጁላይ 2014 በኒው ዮርክ የያንኪ ስታዲዮም ውስጥ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ዘፍኗል። የሰፈር ሱቅ ዘፈን የአሜሪካን ትልቅ ስታዲዮም ሞላ ማለት ነው።

እንግዲህ የአውሮፓው ወጣት ዘፈኑን ሰማ፤ ወደደው። ቀጥሎ «ይህ እንዴት ይጨፈራል?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም። ጥያቄውንም ይዞ የሄደው ወደ ሳልሳ ትምህርት ቤት ነበር።

ሳልሳ በሠራው ቤት

የላቲን ዳንስ ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ከባቻታ በፊት የቆየ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የኒው ዮርክ ሰው በፓላዲየም አዳራሽ ማምቦ ሲጨፍር፣ ከኩባም በኤንሪኬ ሆሪን የተፈጠረው ቻ ቻ ቻ ሲመጣ፣ አስተማሪዎች እየተነሡ እርምጃውን በቁጥር ከፋፍለው ለገንዘብ ያስተምሩ ነበር። በ1964 ጆኒ ፓቼኮና ጄሪ ማሱቺ ፋኒያ የተባለውን የሸክላ ኩባንያ በኒው ዮርክ አቋቋሙ፤ ሳልሳ በሚለው ስም ይህን ሙዚቃ ለዓለም ያሠራጨውም ይህ ኩባንያ ነው። ፓቼኮ ራሱ የተወለደው በዶሚኒካን ሪፑብሊክ መሆኑ ደግሞ የሚገርም ነው። በሳልሳው ዘመን የተቋቋሙት ትምህርት ቤቶች መስተዋታቸውን፣ የክፍል ደረጃቸውን፣ የቅዳሜ ማታ ጭፈራቸውን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከብዙ አገር ሰው የሚሰበሰብበትን ጉባኤያቸውን ሁሉ የሠሩት በሳልሳ ላይ ነው።

ታዲያ ባቻታን ለምን አስገቡ? ዋናው ምክንያት የቤት ኪራይ ነው ብንል ውሸት አይሆንም። ሳልሳ ለጀማሪ ከባድ ዳንስ ነው። ምቱ ፈጣን ነው፤ የመሣሪያው ብዛት ጆሮን ያደናግራል፤ ሽክርክሪቱ እጅና እግርን ያቆላልፋል። ብዙ ሰው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሞክሮ «እኔ ለዳንስ አልተፈጠርሁም» እያለ ይቀራል። ትምህርት ቤት ደግሞ የሚኖረው በጀማሪ ነው። የከፍተኛ ክፍል ተማሪ ጥቂት ነው፤ የአዳራሹን ኪራይ፣ የመብራቱን ሒሳብና የአስተማሪውን ደመወዝ የሚከፍለው አዲስ የሚመጣው ሰው ነው።

ባቻታ ይህን ችግር አቃለለ። ምቱ ረጋ ያለ ነው፤ እርምጃው በአንድ ማታ ይያዛል። ሰኞ የተመዘገበ ዓይን አፋር ጸሐፊ ቅዳሜ ማታ አንዲት ወይዘሪት አስነሥቶ አንድ ዘፈን ሙሉ ሳያፍር ሊጨፍር ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በትልቅ ከተማ ብቻውን የሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ከወረቀት በቀር ሌላ የማይነካ ሰው፣ በሳምንት አንድ ማታ ሰው እጁን ይዞት «ደኅና አድርገሃል» ሲለው ልቡ ይጠገናል። እንዲህ ያለው ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል፤ ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል።

በዚህም ዓይነት በመጀመሪያ የሳልሳ ክፍል ሲያልቅ ለዐሥር ደቂቃ የነበረው ባቻታ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አንድ ሰዓቱም የራሱ ማታ ሆነ። በቅዳሜው ጭፈራ ሸክላ የሚያጫውተው ሰው ሁለት ሳልሳ ካሰማ ሁለት ባቻታ እንዲያሰማ ግድ ሆነ። በጉባኤዎቹም ዘንድ ለሳልሳ አንድ አዳራሽ፣ ለባቻታ ሌላ አዳራሽ መክፈት ተለመደ። ብዙ የቆዩ የሳልሳ አስተማሪዎች በመጀመሪያ «ይህ የሰነፍ ዳንስ ነው» ብለው ንቀውት ነበር፤ በኋላ ግን እነርሱም ተማሩት። በሳንቶ ዶሚንጎ ባለጸጎች የደረሰበት ንቀት ባሕር ተሻግሮም ተከትሎት ነበር ማለት ነው።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መታ

ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው መሠረታዊ እርምጃ ይህ ነው። የዘፈኑ ምት በአራት በአራት ይቈጠራል። ወንዱ ወደ ግራው ሦስት እርምጃ ወደ ጐን ይሄዳል፤ በአራተኛው ምት የቀኝ እግሩን ጣት ክብደት ሳይጥልበት መሬቱን መታ ያደርጋል፤ በዚያው ቅጽበት ዳሌው ጥቂት ከፍ ይላል። ቀጥሎ ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ ተመልሶ በአራተኛው በግራ እግሩ መታ ያደርጋል። ሴቲቱም ፊት ለፊቱ ቆማ እንደ መስተዋት ያንኑ ታደርጋለች። ጉልበት መላላት አለበት፤ እርምጃው አጭር ይሁን፤ ትከሻ አይነቃነቅ። የመጀመሪያው ማታ ትምህርት ከሞላ ጐደል ይኸው ነው።

ነገር ግን በዶሚኒካን መንደር ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ይላል። እርሱ በአገሩ ሲጨፍር ወደ ጐን ብቻ አይመላለስም፤ በትንሽ ስፍራ ላይ አራት ማዕዘን እንደሚሠራ ሰው ወደ ፊት፣ ወደ ጐን፣ ወደ ኋላ ይረግጣል። ቁጥርም አይቈጥርም፤ የሚሰማው መሣሪያዎቹን ነው። በአንድ የባቻታ ቡድን ውስጥ ዜማውን የሚመራ ጊታር፣ የሚያጅብ ሁለተኛ ጊታር፣ ቤዝ፣ በጉልበት መካከል ተይዘው በእጅ የሚመቱ ቦንጎ የሚባሉ መንትያ ከበሮች፣ እንዲሁም ጊራ የምትባል ፊቷ ሻካራ የሆነ የቆርቆሮ መሣሪያ ይገኛሉ። ጊራ በብረት ሹካ መሰል ነገር ስትፋቅ የምታሰማው ድምፅ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነዳዋል።

ቦንጎ መቺው ደግሞ ሦስት ዓይነት አመታት አለው። ግጥሙ ሲዘፈን ዴሬቾ የሚባለውን ቀጥተኛውን ይመታል፤ አዝማቹ ሲመጣ ማሃኦ የሚባለውን ጠንካራውን ይመታል፤ ጊታሩ ብቻውን ሲጫወት ማምቦ ወደሚባለው ነጻ ጨዋታ ይገባል። የአገሩ ልጅ እግር ከዚህ ጋራ ይለዋወጣል፤ በዴሬቾ ዝግ ብሎ፣ በማምቦ እግሩ እንደ ዝናብ ነጠብጣብ ይፈጥናል። ከእናቱና ከአክስቱ ጋራ በሠርግ ቤትና በግቢ ሲጨፍር ስላደገ ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ወደ ጐን የምትሄደው የትምህርት ቤት እርምጃ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለመማር ቀላል የሆነችው ተመርጣ የወጣች ናት። ፊደል «ሀ» እንደሚባለው ለመጀመሪያ መልካም ናት፤ ጉዳቱ ተማሪው ፊደሉ በሙሉ «ሀ» ብቻ መስሎት የቀረ እንደ ሆነ ነው።

ሁለት ባቻታ በአንድ ስም

በ2000ዎቹ ዓመታት በእስፓኝ አገር በካዲስ ከተማ ኮርኬና ሁዲት የሚባሉ ጥንድ ዳንሰኞች አዲስ አጨፋፈር አወጡ፤ ስሙንም «ባቻታ ሴንሱዋል» አሉት። በዚህ አጨፋፈር እግሩ ይዘገያል፤ ሥራው ሁሉ ወደ ደረትና ወደ ወገብ ይሄዳል። አካል እንደ ማዕበል ከላይ እስከ ታች ይታጠፋል፤ ሴቲቱ አንገቷን ታዞራለች፤ ጥንዶቹም ተቃቅፈው ለብዙ ምት አይለያዩም። የሚጫወትበትም ዘፈን ብዙ ጊዜ የታወቀ የእንግሊዝኛ ወይም የእስፓኝኛ ዘፈን በባቻታ ምት የታደሰ ነው። ለዓይን የሚያምር ስለ ሆነ በተንቀሳቃሽ ፊልም በዓለም ሁሉ ተሠራጨ፤ የዛሬው ተማሪ ባቻታ ልማር ብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በልቡ ያለው ይህ ነው።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን «ጥበብ ሲጓዝ ይለወጣል፤ ቦሌሮ ከኩባ ወጥቶ ባቻታ እንደ ሆነ ሁሉ ባቻታም በእስፓኝ ሌላ መልክ ቢይዝ ምን ነውር አለው?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ለውጡን አልከለከልንም፤ ነገር ግን ቦንጎውን የማይሰማ፣ ጊራ ምን እንደ ሆነች የማያውቅ፣ የአንድ ዶሚኒካናዊ ዘፋኝ ስም የማይጠራ ሰው ባቻታ አስተማሪ ነኝ ሲል የኛ ስም ምን ሆነ?» ብሎ ይመልሳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለቱም ወገኖች የእውነት ድርሻ አላቸው ብሎ ያምናል፤ ሆኖም ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያጋድላል። የሚያጋድልበትም ምክንያት አለው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ የዶሚኒካን ሴቶች ወደ ማድሪድ ሄደው በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ልጅ ያሳድጋሉ፤ ወለል ይወለውላሉ፤ የዕረፍት ቀናቸው ሲደርስ እርስ በርስ ተሰብስበው የአገራቸውን ዘፈን ይሰማሉ። እንግዲህ በዚያው ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ባቻታ የሚማር ወጣት፣ ባቻታን ከእናቷ ጋራ የጠጣችው ሴት በፎቁ ደረጃ ላይ ባልዲዋን ይዛ ስታልፍ አያውቃትም ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ለዳንሱ ክብር ሰጥቶ ለባለቤቱ ክብር ከነፈገ ሥራው ግማሽ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በባቻታ አልተጀመረም። ታንጎም የቦኤኖስ አይሬስ ድሆች ጭፈራ ሳለ በአገሩ ጨዋዎች ዘንድ ነውር ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ፓሪስ ከተቀበለችው በኋላ ግን እነዚያው ጨዋዎች በኩራት ይጨፍሩት ጀመር። የገዛ አገር ሀብት ከፈረንጅ እጅ ሲመለስ ብቻ የሚከበርበት ምክንያት በየአገሩ ያለ የተማረ ሰው ሁሉ ራሱን ሊጠይቅበት የሚገባ ነው።

ደግነቱ፣ ነገሩ እየተሻሻለ መምጣቱን የሚያሳይ ምልክት አለ። ዛሬ በብዙ ጉባኤዎችና ትምህርት ቤቶች የዶሚኒካን አስተማሪዎች እየተጠሩ የእግሩን ጨዋታ ያስተምራሉ፤ በጊዜ ሰሌዳውም ላይ «የዶሚኒካን ባቻታ» የሚል ክፍል ይታያል። በባቻታ አገር የተወለደው ባቻታ ልዩ ቅጽል ሳያስፈልገው መጠራት ሲገባው፣ «የዶሚኒካን» ተብሎ ለብቻው መመደቡ ቢያስቅም፣ ፈጽሞ ከመረሳት ይሻላል።

ቅርበትና ጨዋነት

ባቻታ ተቃቅፈው የሚጨፍሩት ዳንስ ነው። በመሆኑም ሌላው የትምህርት ቤቱ ፈተና የምግባር ፈተና ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ወንድና ሴት በየአምስት ደቂቃው ጓደኛ እየለወጡ በቅርብ ሲጨፍሩ፣ ሥርዓት ከሌለ ነገሩ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ከእርምጃው አስቀድሞ የሚያስተምረው ደንብ አለ። ጠይቀህ አስነሣ፤ እምቢ ብትልህ አመስግነህ ተመለስ፤ ምን ያህል ትቅረብ ለሚለው ፈቃዷ ይወስናል፤ ያልተማረችውን ሴት አንገቷን ለማዞርና ወገቧን ለማጠፍ አትሞክር። ይህ የመጨረሻው የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው፤ ያልሠለጠነ አንገትና ጀርባ በችኮላ ሲታጠፍ ሊጐዳ ይችላልና።

ሴት ተማሪዎች «ወደዚያ ትምህርት ቤት አልሄድም» ማለት ከጀመሩ የወንዶቹ ክፍልም ብዙ አይቆይም። በንጹሕ ስሙ የታወቀ ትምህርት ቤት ግን ዓመት ከዓመት ተማሪ አያጣም። ጨዋነት ለኪሱም ይጠቅመዋል ማለት ነው።

እኛስ ምን አገባን?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ሁለት ነገር እናስታውሰው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሰውን ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች የሚመዘግብበት ጉባኤ በ2016 የተሰበሰበው በአዲስ አበባ ነበር፤ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በተመዘገበበት በዚያው ጉባኤ ላይ የዶሚኒካን መሬንጌ ተመዝግቧል። በዲሴምበር 2019 ጉባኤው በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሲሰበሰብ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥምቀትና የዶሚኒካን ባቻታ በአንድ ስብሰባ በመዝገቡ ላይ ሰፈሩ። በአንድ ወቅት ከታላቁ ሆቴል በር የተባረረው የድሆች ጊታር ከኛ ታቦታት ክብረ በዓል ጋራ በአንድ መዝገብ ስሙ ተጻፈ ማለት ነው። ሁለቱ በግብራቸው የማይገናኙ ቢሆኑም፣ ጠብቀው ያቆዩአቸው ባለቤቶች ያሏቸው በመሆናቸው ይመሳሰላሉ።

የመዝገብ ወረቀት ግን ብቻውን ጥበብን አያኖርም። ባቻታን ሠላሳ ዓመት ያለ ወረቀት ያኖረችው ዝቅ ባለ ድምፅ ራዲዮ የምትሰማው ሴት ናት። የዳንስ ትምህርት ቤቱ አሁን የእርሷን ሀብት ተረክቦ ቤቱን ሞልቷል፤ ኪራዩንም ከፍሏል። ስለዚህ ዕዳ አለበት። ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ ደግሞ ከባድ አይደለም። ከትምህርቱ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዶ ዘፈኑ ከየት እንደ መጣ ይንገር፤ ከታደሰው ዘፈን መካከል የቆየውን የጊታር ባቻታ ያሰማ፤ ከአገሩ የመጣ አስተማሪ ሲገኝ ጠርቶ ተገቢውን ይክፈል፤ በሰፈሩ የሚኖሩ የዶሚኒካን ሰዎች ቅዳሜ ማታ ሲመጡ በር ላይ አያስቁማቸው።

ተማሪውም የበኩሉን ማድረግ ይችላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መታ የሚለውን ከለመደ በኋላ ቁጥሩን ትቶ ጊራዋን ያዳምጥ። ከዚያ በኋላ እግሩ ሊሳሳት ይችል ይሆናል፤ የሚሳሳተው ግን ባቻታ ሲጨፍር ነው።